ስምንት ኮር ስላለ ፕሮሰሰሩን ማባከን ይቻላል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አፕ የሚሠሩ ልጆች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በስልክ፣ በታብሌትና በሌሎች በእጅ በሚያዙ መሣሪያዎች ላይ ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች ነው። መልእክቱ ባጭሩ «ስለ ፕሮሰሰር አጠቃቀም መጨነቅ ጊዜው ያለፈበት ልማድ ነው» የሚል ነው። ጽሑፉ ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ የተጻፈ ነው። የኮድ ምሳሌውም ይሠራል። ያሳሰበኝ ብዙዎች ያንን ምሳሌ እንዳለ ገልብጠው አፓቸው ውስጥ እየከተቱት መሆኑ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ምሳሌያቸው ባርኮድ የሚያነብ የእጅ መሣሪያ ነው። ስካነሩ አንድ ኮድ ባነበበ ቁጥር ቁጥሩን አንድ ቫሪያብል ውስጥ ያስቀምጣል፤ «ተነቧል» የሚል ፍላግም፣ ማለትም ምልክት፣ ያነሳል። ሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የፕሮግራሙ ሥራ) ላይ ያለ ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሄድ ኮድ፣ ደግሞ ፍላጉ ተነስቶ እንደሆነ ሳያቋርጥ ይጠይቃል። ይህ አሠራር አይጎዳም ለማለት የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች እነዚህ ናቸው። ኢቨንት (እንደ ንክኪ ያለ ክስተት) እስኪመጣ ተኝቶ የመጠበቅ ሕግ ከፓልም ፓይለት፣ ከድሮው የእጅ ኮምፒውተር፣ ዘመን የተረፈ ነው፣ ያኔ ፕሮሰሰሩ ደካማ ስለነበር ነው ይላሉ። ዛሬ ስልኩ ስምንት ኮር (ለብቻው የሚያሰላ የፕሮሰሰር ክፍል) ስላለው አንድ ሉፕ ቢሽከረከር ከ12 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ካሳሰበን ሉፑ ውስጥ የ10 ሚሊሰከንድ እንቅልፍ እንጨምር፣ ችግሩ ያልቃል። ደጋግሞ መጠየቅ፣ ማለትም ፖሊንግ፣ ከኮልባክ (ነገሩ ሲከሰት ሲስተሙ ከሚጠራው ኮድ) ይልቅ ለመጻፍም ለማንበብም ይቀላል። ባትሪን መጠበቅ የአንድሮይድ ሥራ ነው። ጌሞችም ሁሌ እየተሽከረከሩ ነው የሚሠሩት፣ ማንም አልተጎዳም። በመጨረሻም ባትሪ የሚበላው ስክሪኑና ኔትወርኩ እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም።

ከፓልም ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተገነባው እሱ ላይ ነውና። ፓይለት 1000 እና ፓይለት 5000 እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጡ ፕሮሰሰራቸው 16 ሜጋኸርትዝ የሆነ የሞቶሮላ ድራጎንቦል ነበር። ደካማ ነበር መባሉ ትክክል ነው። ኢቨንት ጠብቁ የተባለው ግን ፕሮሰሰሩ ስለዘገመ አይደለም። መሣሪያው የሚሠራው በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ነበር፤ በነዚያ ለሳምንታት መቆየት ነበረበት።

በፓልም ኦኤስ ፕሮግራሙ ቀጣዩን ኢቨንት ከሲስተሙ ሲጠይቅ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚፈልግ አብሮ ይናገራል። ያለ ገደብ እጠብቃለሁ ካለ፣ ሰውየው ስክሪኑን እስኪነካ ወይም ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ሲስተሙ ፕሮሰሰሩን ያስተኛዋል። የመጠበቂያውን ጊዜ ዜሮ ካደረገ ግን ምንም ነገር ባይኖርም ወዲያው ባዶ ኢቨንት ይመለስለታል። ፕሮግራሙ ባዶውን ተቀብሎ እንደገና ይጠይቃል። እንደገና ባዶ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ፕሮግራሞች ምንም ልዩነት የላቸውም። አንደኛው ግን ባትሪውን ይጨርሳል።

እዚህ ጋ ፍጥነት ምን ይለውጣል? ሥራው የሚያልቅ ሥራ ቢሆን ፈጣን ፕሮሰሰር ቶሎ ጨርሶ ያርፋል። ባዶ ሉፕ ግን የሚያልቅ ሥራ የለውም። ፕሮሰሰሩ አሥር እጥፍ ቢፈጥን፣ ሉፑ ያንኑ ጥያቄ አሥር እጥፍ ደጋግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ የፓልም ሕግ ከድራጎንቦል ጋር አላረጀም። በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ እስካለ ድረስ ሕጉም አለ።

ዛሬም ቢሆን የሕጉ ቦታ አልተለወጠም። የአንድሮይድ ዋና ትሬድ ሉፐር በሚባል ሉፕ ላይ ነው የሚኖረው። ሉፐሩ ወረፋው ውስጥ መልእክት ከሌለ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ «የሚመጣ ነገር ሲኖር ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል። ቀጣዩ መልእክት መቼ እንደሚደርስ ካወቀ ያንን ጊዜ አብሮ ይሰጣል። ከፓልሙ ጥያቄ ጋር አንድ ዓይነት ነው። የአርም ፕሮሰሰር ራሱ «ኢንተራፕት (ከሃርድዌር የሚመጣ የመቀስቀሻ ምልክት) እስኪመጣ ጠብቅ» የሚል ትዕዛዝ አለው። የዚያ ትዕዛዝ ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ከቺፑ ጀምሮ እስከ አንድሮይድ ድረስ ሁሉም ለመተኛት ተዘጋጅቶ ሳለ፣ እኛ ከላይ አንድ ሉፕ ጽፈን ሁሉንም እናነቃለን።

አሁን ወደ 12 በመቶው እንምጣ። ቁጥሩ የመጣው 100ን ለ8 በማካፈል ነው። ይህ ማለት አንድ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዟል ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ በትዕዛዝ መስመር የሚከፈተው፣ የፕሮሰሰር አጠቃቀምን የሚያሳየው ቶፕ ባለ ስምንት ኮር ስልክን ከ800 በመቶ ነው የሚቆጥረው። እዚያ ብታዩት ያው ሉፕ 100 በመቶ ይላችኋል። ማባከኑ አንድ ነው፤ የተለየው የሚካፈልበት ቁጥር ነው።

ደግሞም ስምንቱ ኮሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚኖሩ አይደሉም። በአብዛኛው የስልክ ቺፕ ላይ ኮሮቹ በቡድን የተከፈሉ ናቸው፤ አንዱ ቡድን ቆጣቢ፣ ሌላው ጉልበተኛ ነው። በአንድ ቡድን ያሉ ኮሮች ብዙውን ጊዜ ፍጥነትና ቮልቴጅ ይጋራሉ። ከርነሉ ፍጥነትን የሚወስነው ኮሩ ምን ያህል እንደተጠመደ አይቶ ነው። ባዶ ሉፕ ለከርነሉ ከባድ ሥራ ነው የሚመስለው። ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ አይችልም፤ የሚያየው መጠመዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ይጨምራል፣ ትሬዱንም ወደ ጉልበተኛው ኮር ሊወስደው ይችላል። ፍጥነት ሲጨምር ቮልቴጅም ይጨምራል፤ ቺፑ የሚበላው ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው የሚያድገው። አንድ ትሬድ ምንም ሳይሠራ ጎረቤቶቹን ሁሉ ውድ በሆነ ፍጥነት ያስኬዳቸዋል። ቡድኑ በሙሉ አብሮ እንዳይተኛም ያደርጋል።

ከዚያ ሙቀት ይመጣል። ስልኩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ የሚጎተተው እውነተኛው ሥራ ነው፤ ካሜራው፣ ካርታው፣ ሰውየው እየነካካው ያለው ስክሪን። ተጠቃሚው «ይሄ ስልክ እያረጀ ነው» ይላል። ጥፋተኛው ከጀርባ የሚሽከረከረው ሉፕ መሆኑን ማን ይነግረዋል?

ባትሪው ትልቅ ነው ለሚል ሰውም ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚባለው ባትሪ ወደ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው። ሉፑ በሰዓት ግማሽ ዋት ሰዓት ብቻ ይብላ እንበል። በአሥር ሰዓት የሥራ ቀን 5 ዋት ሰዓት ሄደ። ከባትሪው ሩብ በላይ ነው። ቻርጀር ጠረጴዛው ላይ ላለ ሰው ይህ ላይታየው ይችላል። አገራችን ውስጥ ግን ቤት ለቤት እየዞሩ በታብሌት መረጃ የሚመዘግቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። መብራት በሌለበት ቀበሌ ታብሌቱ ከሰዓት በኋላ ከጠፋ የቀሪው ቀን ምዝገባ ወደ ወረቀት ይመለሳል፣ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል የማላየው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው 10 ሚሊሰከንድ እንተኛ» የሚለው መፍትሔ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳምን ይመስላል። አንድ ነገር ልቀበል፦ ምንም ካለመተኛት በጣም ይሻላል። ጸሐፊው እንደሚሉት በፕሮፋይለሩ (የፕሮሰሰር አጠቃቀምን በሚለካው መሣሪያ) ላይ ያለው መስመርም ወደ ታች ይወርዳል። ያ መስመር ግን የሚለካው ፕሮሰሰሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራ ነው። ስንት ጊዜ እንደተቀሰቀሰ አይነግረንም።

በየ10 ሚሊሰከንዱ መንቃት በሰከንድ 100 ጊዜ፣ በሰዓት 360,000 ጊዜ መንቃት ነው። ፕሮሰሰሩ የተለያየ ጥልቀት ያለው እንቅልፍ አለው። ቀላሉ እንቅልፍ ቶሎ ይነቃል፤ የሚቆጥበው ግን ትንሽ ነው። ጥልቁ ብዙ ይቆጥባል፤ ለመግባትና ለመውጣት ግን ጊዜና ኃይል ይጠይቃል። ከርነሉ በቅርቡ እንደሚቀሰቀስ ካወቀ ወደ ጥልቁ መግባት ስለማያዋጣ በቀላሉ ላይ ሊቆም ይችላል። ሌሊቱን በየአሥር ደቂቃው የሚቀሰቅሱት ሰው አልጋ ላይ ያሳለፈው ሰዓት ቢቆጠር ስምንት ይሞላል፤ ጠዋት ሲነሳ ግን እንዳልተኛ ነው።

የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ይህንን ከ15 ዓመት በላይ ቀድመውን ያውቁታል። በፊት ከርነሉ ሥራ ኖረም አልኖረም በሰከንድ 100፣ 250 ወይም 1,000 ጊዜ የሚነቃበት ቋሚ የሰዓት ምት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የከርነሉ ስሪት 2.6.21 ላይ ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ ምቱ እንዲቆም የሚያደርግ አሠራር ገባ። በዚያው ዓመት ኢንቴል ፓወርቶፕ የተባለውን መሣሪያ አወጣ። የትኛው ፕሮግራም በሰከንድ ስንት ጊዜ ፕሮሰሰሩን እንደሚቀሰቅስ የሚያሳይ ነው። ከርነሉ በብዙ ልፋት ያስወገደውን በሰከንድ 100 ምት እኛ በአንድ መስመር ኮድ መልሰን እናስገባዋለን።

እንቅልፉን እናርዝመዋ ትሉ ይሆናል። ግማሽ ሰከንድ እናድርገው። አሁን ሰውየው ባርኮዱን ካነበበ በኋላ በአማካይ ሩብ ሰከንድ ይጠብቃል፣ አንዳንዴም ሙሉ ግማሽ ሰከንድ። ጣት ይህንን መዘግየት ያውቀዋል። «አላነበበም» ብሎ ደግሞ ይጫናል። ዕቃው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው ቢውልም በቀን 172,800 ጊዜ ይነቃል። ፖሊንግ ሁልጊዜ ይህን ምርጫ ያመጣል፤ ወይ ባትሪው ይጎዳል፣ ወይ ተጠቃሚው ይጠብቃል። ኢቨንት ጠባቂው ጋ ምርጫው ራሱ የለም። እስኪጠሩት ይተኛል፣ ሲጠሩት ወዲያው ይነሳል።

ቀላልነትን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት ግማሽ እውነት አለው። ኮልባክ ውስጥ ኮልባክ፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ኮልባክ ሲደራረብ ኮዱን የጻፈው ሰው እንኳ ከወር በኋላ አይገባውም። ይህ ቅሬታ የብዙዎቻችን ነው። ግን የእሳቸው ሉፕ በእርግጥ ቀላል ነው?

ምሳሌያቸውን በደንብ እንየው። ፍላጉን የሚያነሳው አንድ ትሬድ ነው፤ የሚያነበው ሌላ። አፕ በሚጻፍባቸው ቋንቋዎች፣ ጃቫም ሆነ ኮትሊን ላይ፣ ያ ፍላግ ቮላታይል ተብሎ ካልታወጀ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንደሚያይ ዋስትና የለም። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር «ሉፑ ውስጥ ይህን የሚቀይር የለም» ብሎ ንባቡን ከሉፑ ውጭ ሊያወጣው ይፈቀድለታል። ያኔ ሉፑ ለዘላለም ይሽከረከራል። በጽሑፉ ምሳሌ ላይ ቮላታይል የሚለው ቃል የለም። ምናልባት በጸሐፊው ስልክ ላይ ሠርቷል፤ በሌላ ስልክ ላይ አለመሥራቱ ግን በጣም የሚቻል ነው።

ይህ ቢስተካከልም ሌላ አለ። የመጋዘን ሠራተኛ እጁ ፈጣን ነው። ሉፑ ግማሽ ሰከንድ ተኝቶ ሳለ ሁለት ካርቶን ቢያነብስ? ፍላጉ አንድ ነው፣ ቫሪያብሉም አንድ። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል። ሉፑ ሲነቃ አንድ ካርቶን ብቻ ያያል። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፤ ቆጠራው ብቻ ይጎድላል። ወረፋ ያለው አሠራር ሁለቱንም በተራ ያስቀምጣቸዋል፣ ምንም አይጠፋም። ሉፑን ቀላል ያስመሰለው ይህን ጉዳይ ሳያነሳ ማለፉ ነው።

ሉፑን ሰው ዋናው ትሬድ ላይ ካስቀመጠው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ለንክኪ በ5 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ አንድሮይድ «አፑ ምላሽ እየሰጠ አይደለም» ብሎ ለተጠቃሚው ይነግርበታል።

የኮልባኩ መደራረብ ለሚያስቸግረው ሰው ዛሬ መንገድ አለ። የኮትሊን ኮሩቲን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የተረጋጋ የቋንቋው አካል ነው። «ንባቡን ጠብቅ፣ ከዚያ መዝግብ፣ ከዚያ አሳይ» ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ሲነበብ እንደ ሉፑ ቀላል ነው። በሚጠብቅበት ጊዜ ግን ትሬዱን አይዝም፣ ፕሮሰሰርም አይበላም።

«አንድሮይድ ባትሪውን ይጠብቅልሃል» የሚለው ክርክር ረጅም መልስ አያስፈልገውም። ዶዝ የሚባለው የአንድሮይድ ባትሪ መቆጠቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድሮይድ 6.0 ጋር መጥቷል፣ ጠቃሚም ነው። የሚሠራው ግን ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነና ስክሪኑ ጠፍቶ ሲቆይ ነው። አፑ ፊት ለፊት ተከፍቶ ሰውየው እየሠራበት ከሆነ ዶዝ አይመለከተውም። የባርኮዱ መሣሪያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚውለው እንደዚያ ነው። በዚያ ላይ አንድሮይድ ከስሪት ወደ ስሪት ከጀርባ የሚሮጡ አፖች ላይ ገደቡን ሲያጠብቅ የኖረው ብዙዎቻችን ባትሪውን ስላላከበርን ነው። በ8.0 የጀርባ ሰርቪሶች ተገደቡ። ወርክማናጀር በሚባለው የአንድሮይድ የጀርባ ሥራ ማቀጃ የሚደጋገም ሥራ ከ15 ደቂቃ በታች ሊሆን አይችልም። ዛሬ የሚሽከረከረው አፕ ነገ በሚመጣው ገደብ መጀመሪያ የሚቆመው ነው።

ጌም ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ በከፊል። የሚሮጥ መኪና ያለበት ጌም በየፍሬሙ መሳል አለበት። ግን እሱም ቢሆን በደንብ ከተሠራ ባዶ አይሽከረከርም። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ለአንድ ፍሬም ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ አለ። ስሌቱና ስዕሉ 5 ሚሊሰከንድ ከፈጀ፣ የቀረውን ይተኛል። አንድሮይድ ላይ ኮሪዮግራፈር የሚባለው የስክሪኑ ምት ሲመጣ ይቀሰቅሰዋል። ገበጣ ወይም ቼዝ ከሆነማ ተጫዋቹ እስኪነካው ድረስ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ስዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ መድገም ለምን ያስፈልጋል? የፓልም ጌም ሠሪዎች ቀጣዩ ፍሬም እስኪደርስ ስንት እንደቀረ አስልተው ያንን ጊዜ ብቻ ይጠብቁ ነበር። በላዩ ላይ ሌላ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ጌሙን ያቆሙት ነበር።

ስክሪንና ኔትወርክ ብዙ ይበላሉ፤ በዚህ አልከራከርም። ስክሪኑ በርቶ ሳለ ብዙ ጊዜ ዋናው በላተኛ እሱ ነው። ሆኖም የፖሊንግ ልማድ ኔትወርኩንም ያበላሻል። ሞደሙ አንድ ነገር ልኮ ከጨረሰ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች በከፍተኛ ኃይል ይቆያል፣ ምናልባት ሌላ ነገር ይመጣል ብሎ። በየአምስት ሰከንዱ ሰርቨሩን «አዲስ ነገር አለ?» የሚል አፕ ሞደሙ ጨርሶ እንዳያርፍ ሊያደርገው ይችላል። ፑሽ፣ ማለትም አዲስ ነገር ሲኖር ሰርቨሩ ራሱ የሚልክበት አሠራር፣ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

መጠየቅ ግድ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ኢንተራፕት የማይልክ ርካሽ ሴንሰር አለ። እሱን በየጊዜው ከማንበብ ሌላ ምርጫ የለም። ከርነል ውስጥ ደግሞ ጥበቃው ከእንቅልፉ ወጪ ያጠረ ሲሆን ለአፍታ መሽከርከር ትክክል ነው። ሴንሰሩን የምታነቡ ከሆነ ሥራው በሚፈቅደው ልክ አዘግዩት። ስክሪኑ ሲጠፋ ወይም አፑ ከፊት ሲነሳ አቁሙት። ለውጥ ሲጠፋ ክፍተቱን አስረዝሙ። «መጀመሪያ ይሥራ፣ ከዚያ እናፈጥነዋለን» የሚለውንም ምክር እቀበላለሁ፤ ለፍጥነት ሥራ ጥሩ ምክር ነው። መጠበቅና መጠየቅ ግን የፕሮግራሙ አጥንት ናቸው። ሃያ ክላስ በአንድ ፍላግ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ መቀየሩ አዲስ ከመጻፍ ይከብዳል።

የጸሐፊው ምሳሌ ሲስተካከል ደግሞ ከነበረው አይረዝምም። ስካነሩ ንባቡን ፍላግ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ወረፋ ውስጥ ይክተተው። ተቀባዩ ትሬድ ከወረፋው ሲወስድ፣ ባዶ ከሆነ እዚያው ይተኛል። ጃቫ ለዚህ ዝግጁ ወረፋ አለው፤ ኮትሊን ቻናል አለው። የእንቅልፉም መስመር፣ ፍላጉም፣ የፍላጉ መልሶ ማውረጃም ይጠፋሉ። ሁለት ካርቶን በአንዴ ቢነበብ ሁለቱም ይመዘገባሉ።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ አፑን ክፈቱ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በሌለበት ገጽ ላይ ተዉት፣ እጃችሁን አንሱ። ከዚያ በቶፕ እዩት። ቁጥሩ ከዜሮ ብዙ ከራቀ የሆነ ቦታ የሚሽከረከር ነገር አለ። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነም እዚያ አታቁሙ፤ ፐርፌቶ በሚባለው መመርመሪያ መሣሪያ ትሬዶቹ ስንት ጊዜ እንደነቁ ተመልከቱ። ሁለቱንም ምሳሌ፣ የጸሐፊውንና የወረፋውን፣ በአንድ ርካሽ ስልክ ላይ ጎን ለጎን መሞከር ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። ጸሐፊው ራሳቸው ቢሞክሩትና ምሳሌውን ጽሑፋቸው ላይ ቢቀይሩት ደስ ይለኛል፤ ከእኔ ምላሽ ይልቅ የሚነበበው የእሳቸው ጽሑፍ ነውና።